ያለ ፍርድ መጽሐፍ የተከፈተ የሕግ ትምህርት ቤት

በኢትዮጵያ ሕግ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠና የኖረው በሁለት ቦታ ነው፤ በመጽሐፍ ቤትና በችሎት ዙሪያ። መጽሐፍ ቤት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከፍተኛው ደረጃ ሲሆን ፍትሐ ነገሥት በዚያ ከሚተረጎሙት መጻሕፍት አንዱ ነው። የመጽሐፉ መነሻ ግብጽ ነው። በ13ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው የቅብጥ ሊቅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ አሰናዳው፤ በኋላም ወደ ግእዝ ተመለሰ። የአገሪቱ ትውፊት ትርጉሙን ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። ካሉት 51 አንቀጾች የመጀመሪያዎቹ 22 መንፈሳዊውን፣ የቀሩት ሥጋዊውን ጉዳይ ይመለከታሉ። ተማሪው ንባቡን ካጠና በኋላ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ትርጓሜውን በቃል ይቀበላል። አንዱ ቃል ሁለትና ሦስት ፍች ቢኖረው ሁሉንም ይይዛል፤ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል የትርጓሜ ቤት ልማድ አይደለም።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ግድግዳ አልነበረውም። በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በገዥው ደጅ በሚቆመው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ «በልሃ ልበልሃ» እየተባባሉ ይከራከሩ፣ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዱ፣ ነገራቸውን በተረትና በምሳሌ ያጠናክሩ ነበር። ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሞ ይሰማል፤ ከብት ሲጠብቅ የዋለው ልጅም ሳይቀር የጥያቄውን አጣጣልና የመልሱን አሰካክ ከዚያ ይለምዳል። አንደበተ ርቱዕ የሆነው አድጎ ነገረ ፈጅ ወይም ጠበቃ ይሆናል። ይግባኙ ከእርከን ወደ እርከን ወጥቶ እስከ አፈ ንጉሡና እስከ ዙፋን ችሎት ይደርሳል። የዚህ ትምህርት ጥራት ሊናቅ አይገባም። ፍሬ ነገርን ከአጀብ መለየት፣ የባላጋራን ቃል ይዞ መልሶ ራሱን መርታት፣ ጭብጥ መያዝ፣ እነዚህ ሁሉ ዛሬም የጠበቃ ዋና ሙያ ናቸው። ጉድለቱ ሌላ ነው። በአንዱ አደባባይ የተሰጠው ፍርድ በጽሑፍ ተይዞ ለሌላው አደባባይ አይደርስም ነበር፤ ዕውቀቱ በሰሚው ጆሮ ተጀምሮ በሰሚው ዕድሜ ያበቃል።

ዘመናዊ የሕግ ትምህርት እንዲመጣ የገፋው አንዱ ኃይል የውጭ መንግሥታት ግፊት ነው። በአዲስ አበባ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በተንጣለለው የየካ ምድር ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን የሰጡት ሰፊ ቦታ ዛሬም ኤምባሲ ሆኖ ይገኛል። እንደዚህ ያሉ ሌጋሲዮኖች ከዲፕሎማሲ ሌላ የዳኝነት ሥልጣንም ነበራቸው። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል የፈረንሳይ ዜጎች በቆንስላቸው ፊት እንዲዳኙ፣ ከኢትዮጵያዊ ጋር የገጠሙትም ሙግት ቆንስሉ ባለበት እንዲታይ ፈቀደ፤ ሌሎች መንግሥታትም በዚሁ ተጠቀሙ። ምክንያታቸው ኢትዮጵያ የተጻፈ ዘመናዊ ሕግና በሙያው የሠለጠነ ዳኛ የላትም የሚል ነበር። ምኒልክ አፈ ንጉሥ ነሲቡን የፍርድ ሚኒስትር አድርገው የሾሙት በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ችግሩ አልተፈታም። በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ሲደራጁ በከፍተኛው ፍርድ ቤት የእንግሊዝ ዳኞች ተቀመጡ። አገር ነጻነቷን መልሳ በገዛ ችሎቷ ላይ የውጭ ሰው ማስቀመጧ ለጊዜው ግድ ቢሆንም ዘለቄታ ሊኖረው እንደማይችል ግልጽ ነበር።

መልሱ በሁለት ደረጃ መጣ፤ መጀመሪያ ሕጉ፣ ቀጥሎ የሕግ ሰው። የስዊሱ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. ታወጀ። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው 3,367 አንቀጾች ያሉት የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከ1953 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ጀምሮ ጸና። የንግድ ሕጉና የባሕር ሕጉ አብረውት ወጡ፤ ሁለቱ የሥነ ሥርዓት ሕጎች ተከተሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3347 ሕጉ በሸፈነው ጉዳይ ሁሉ የቀድሞውን ልማድና ጽሑፍ ሻረ። በዚህ አንድ ቁጥር ለዘመናት በመጽሐፍ ቤትና በአደባባይ የተከማቸው ዕውቀት አብዛኛው በችሎት እንዳይጠቀስ ሆነ። አዲሱን ሕግ ሊያስተምር የሚችል የተሟላ የሕግ ትምህርት ቤት ግን ገና አልተከፈተም ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሕግ ኮርሶች በማታ ይሰጡ ነበር፤ ጥቂቶች ደግሞ ወደ ካናዳ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ ሌላም አገር ሄደው ተምረዋል። ለሺህ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ይህ አይበቃም።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲመሠረት የሕግ ፋኩልቲ በዕቅዱ ውስጥ ነበር። በ1956 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ላይ ተከፈተ። ሕጎቹን ያረቀቁት በአብዛኛው አውሮፓውያን ሲሆኑ ፋኩልቲውን እንዲያቋቁሙ የተጠሩት አሜሪካውያን ናቸው። የመጀመሪያው ዲን ጄምስ ፖል በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ፣ ከዚያም በፊት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ለነበሩት ለፍሬድ ቪንሰን የሠሩ የሕግ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ የዬሉ ክዊንቲን ጆንስተን፣ ቀጥሎም ክሊፍ ቶምፕሰን ዲን ሆኑ። ፎርድ ፋውንዴሽን በዚያ ዘመን በአፍሪካ ለሚከፈቱ የሕግ ትምህርት ቤቶች አሜሪካውያን መምህራንን በገንዘብ ይደግፍ ስለነበር ሰው ማግኘቱ አልከበደም።

እነዚህ መምህራን ይዘውት የመጡትን ዘዴ ለመረዳት የአሜሪካን የሕግ ትምህርት ታሪክ ባጭሩ ማየት ያስፈልጋል። በአሜሪካም መነሻው ከአደባባዩ ትምህርት እጅግ የራቀ አልነበረም። ጠበቃ መሆን የሚፈልግ ወጣት በአንድ ጠበቃ ቢሮ ገብቶ ውል ይገለብጣል፣ የእንግሊዛዊውን የብላክስቶንን መጽሐፍ ያነባል፣ ጌታውን ተከትሎ ፍርድ ቤት ይቆማል። አብርሃም ሊንከን ደግሞ መጽሐፍ ተውሶ ራሱን በራሱ አስተምሮ ለጥብቅና በቅቷል። በዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ በእ.ኤ.አ. 1779 ጆርጅ ዊዝ የመጀመሪያው የሕግ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በኮነቲከት ግዛት ታፒንግ ሪቭ በሊችፊልድ ከተማ የግል የሕግ ትምህርት ቤት አቆመ፤ ሃርቫርድም በእ.ኤ.አ. 1817 ተከተለ። ያም ሆኖ ትምህርቱ ለረጅም ጊዜ መምህሩ ሲያነብ ተማሪው የሚጽፍበት ነበር።

ይህን የለወጠው ክሪስቶፈር ላንግደል ነው። በእ.ኤ.አ. 1870 የሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት ዲን ሆኖ፣ በሚቀጥለው ዓመት የውል ሕግን የሚያስተምርበት የፍርዶች ስብስብ አሳተመ። በላንግደል አስተሳሰብ ለኬሚስት ቤተ ሙከራ ምን እንደሆነ ለሕግ ተማሪ ቤተ መጻሕፍቱ እንደዚያው ነው፤ የሚመረመሩትም ዕቃዎች የታተሙ ፍርዶች ናቸው። መምህሩ ሕጉን ነግሮ አያልፍም። ተማሪው ያነበበውን ፍርድ ተነሥቶ እንዲያስረዳ ያዝዘዋል፦ ነገሩ ምን ነበር? ጭብጡ የቱ ነው? ዳኛው ለምን እንዲህ ወሰነ? ፍሬ ነገሩ ትንሽ ቢለወጥ ውሳኔው ይለወጥ ነበር? ዘዴው መጀመሪያ ተቃውሞ ቢገጥመውም በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች መለያ ለመሆን በቃ። በልሃ ልበልሃን ለሚያውቅ ሰው ጥያቄና መልሱ እንግዳ አይደለም። የላንግደል ተማሪ በጥያቄ የሚፈተነው ግን ታትሞ በእጁ በያዘው ፍርድ ላይ ነው፤ ያለዚያ ጽሑፍ ዘዴው አይሠራም።

ስድስት ኪሎ ላይ የጎደለውም ይኸው ነበር። በኢትዮጵያ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች አይታተሙም ነበር። ሕጉ በአህጉራዊ አውሮፓ መልክ በአንቀጽ የተደራጀ ነው፤ መምህራኑ ደግሞ ሕግን ከፍርድ ውስጥ መፈለግ የለመዱ ናቸው። ዘዴውን እንዳለ ቢያመጡት የሚመረመር ነገር አልነበረም፤ ቢተዉት ደግሞ ተማሪው አንቀጽ በቃል ከመያዝ አያልፍም። የፋኩልቲው የመጀመሪያ ዓመታት ታላቅ ሥራ የሚመስለው ከዚህ አጣብቂኝ የተገኘው መፍትሔ ነው። መምህራኑ ቁሳቁሱን ራሳቸው ፈጠሩ።

በ1956 ዓ.ም. ማብቂያ የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት መታተም ጀመረ። መጽሔቱ የጥናት ጽሑፍ ብቻ አልነበረም፤ ከፍርድ ቤቶች መዝገብ የተመረጡ ውሳኔዎችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣ ነበር። አቧራ ለብሶ ይቀር የነበረ መዝገብ ተማሪ የሚያነበው ጽሑፍ ሆነ። መጽሐፎቹም በፍጥነት ተከታተሉ። ፊሊፕ ግራቨን የወንጀል ሕጉን በየአንቀጹ አብራራ፤ ስቲቨን ሎወንስታይን ለወንጀል ሕግ የማስተማሪያ ጽሑፍ አሰናዳ፤ ሮበርት ሴድለር የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓትን፣ ስታንሊ ፊሸር የወንጀለኛ ሥነ ሥርዓትን ጻፉ፤ ፖልና ክሪስቶፈር ክላፋም የሕገ መንግሥቱን እድገት የሚያሳዩ ሰነዶችን ሰበሰቡ። የፖላንድ ተወላጁ ጆርጅ ክሼቹኖቪች ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የጻፈው መጽሐፍ እስካሁን የሚጠቀስ ነው። እነዚህ ሁሉ ከአንድ ፋኩልቲ፣ ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የወጡ ናቸው።

ከሁሉም ይልቅ አንድ ሥራ ለብቻው መነሣት ይገባዋል። በእ.ኤ.አ. 1968 ፋኩልቲው ፍትሐ ነገሥትን በእንግሊዝኛ አሳተመ። ከግእዝ የተረጎሙት በኋላ የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስና ካርዲናል የሆኑት የካቶሊኩ ካህን አባ ጳውሎስ ጻድዋ ሲሆኑ፣ አርታዒው ወጣቱ አሜሪካዊ መምህር ፒተር ስትራውስ ነበር። ቁጥር 3347 የዘጋውን በር ይህ መጽሐፍ ለጥናት ከፈተው። ተማሪዎችም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሲሠሩ ወደየአገራቸው እየተመለሱ የሽማግሌ ዕርቅን፣ የጉማን፣ የርስትን ልማድ መዝግበዋል። ሕጉ ልማዱን ቢሽርም ሰው በልማዱ መኖሩን አላቆመም ነበር፤ ይህን በጽሑፍ ያስቀመጡት እነዚያ ወጣቶች ናቸው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልከው ስለነበር የሕግ ተማሪውም አዋጁ ያልደረሰበትን አገር በዓይኑ አየ።

ዘዴው ያላሸነፈው ችግር ቋንቋ ነው። ሕጎቹ የተረቀቁት በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ነው፤ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎሙ፤ የሚጸናው አማርኛው ነው፤ ትምህርቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ተርጓሚዎቹ ለአማርኛ የዋሉት ውለታ ትልቅ ነው። ይርጋ፣ አላባ፣ ይዞታ፣ ያላግባብ መበልጸግ፣ እነዚህ ቃላት ከፊሎቹ ከአሮጌው የሙግት ቋንቋ የተወሰዱ፣ ከፊሎቹ አዲስ የተቀረጹ ናቸው። ሦስቱ ቅጂዎች ግን ሁልጊዜ አይገጣጠሙም፤ ክሼቹኖቪች ረቂቁን ከሁለቱ ትርጉሞች ጋር እያነጻጸረ ልዩነቱን ሲያሳይ የኖረው ለዚህ ነው። ተማሪው ለዓመታት በእንግሊዝኛ አስቦ ሲመረቅ በማግስቱ በአማርኛ አቤቱታ ይጽፋል። የሚያውቀውን ሐሳብ በችሎት ስሙ ለመጥራት እንደገና መማር አለበት። ለዳኞች፣ ለፖሊስ መኮንኖችና ለመንግሥት ሠራተኞች በማታ የተሰጡት የሰርተፊኬትና የዲፕሎማ ትምህርቶች ጥቅማቸው የታየውም እዚህ ላይ ነው፤ ከዕለት ሥራቸው ሕጉን የሚያውቁ ሰዎች ተሰብስበውበታልና።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው በዕድገት በሕብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ፤ አሜሪካውያኑም ሄዱ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 እና የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47 የፍትሐ ብሔር ሕጉን የንብረት ክፍል ከሥሩ ነቀነቁት። ለዓመታት የተሰናዱት የማስተማሪያ ጽሑፎች ግማሹ ገጽ በአንድ ዓመት አረጀ። ፋኩልቲው አልተዘጋም፤ በኢትዮጵያውያን መምህራን እጅ ቀጠለ። ጥቂት ተማሪ እየተቀበለ፣ ባረጀ መጽሐፍ እያስተማረ እስከ 1983 ዓ.ም. መዝለቁ በራሱ ቀላል አይደለም። በዚያ ጨለማ ዘመን ከተመረቁት አንዷ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። በኋላ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት ቀዳሚዋ ሆኑ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ተባሉ። ማኅበሩ ለሴቶች የሰጠው ነጻ የሕግ ድጋፍና በ1992 ዓ.ም. ለወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያደረገው ትግል የሕግ ትምህርት ከክፍል ወጥቶ ምን ሊሠራ እንደሚችል ካሳዩት ነገሮች ይቆጠራል።

የፌዴራል ሥርዓቱ ሲዘረጋ ችግሩ መልኩን ለወጠ። እያንዳንዱ ክልል የራሱ ፍርድ ቤት፣ የራሱ ዐቃቤ ሕግ አስፈለገው፤ በሺዎች የሚቆጠር የሕግ ሰው በአንድ ጊዜ ተፈለገ። በ1980ዎቹ ማብቂያ የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ የተቋቋመው የክልሎችን ባለሙያ ለማሠልጠን ሲሆን የሕግ ትምህርቱ ዳኞችንና ዐቃብያነ ሕግን አስመረቀ።  ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ መቀሌ፣ ጅማ፣ ሐረማያ፣ ሐዋሳና ሌሎችም ከፈቱ፤ የግል ኮሌጆችም ገቡ፤ ከነዚህ የቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ ሚዛን የተባለውን የሕግ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ቁጥሩ በፍጥነት ሲያድግ መምህሩና መጽሐፉ እኩል አላደጉም። አብዛኛው አዲስ ትምህርት ቤት የተጀመረው በቅርቡ በተመረቁ ወጣቶች ነው።

ለዚህ የተሰጠው መልስ በ1998 ዓ.ም. የፍትሕና የሕግ ሥርዓት ምርምር ኢንስቲትዩት ያወጣው የሕግ ትምህርት ማሻሻያ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪው አምስት ዓመት ሆነ፤ አንድ ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት ወጣ፤ ለየኮርሱ የማስተማሪያ ጽሑፍ ተዘጋጀ፤ የተግባር ልምምድና ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል የትምህርቱ ክፍል ሆኑ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ለሌሎች ትምህርቶች ሁሉ ከመድረሱ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ በሕግ ተማሪዎች ላይ ተሞክሯል። በአሜሪካ ለጥብቅና የሚበቃው የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ሦስት ዓመት ሕግ ከተማረ በኋላ የየግዛቱን የጠበቆች ፈተና ያለፈ ነው፤ በኢትዮጵያ ግን ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ወጣት ሌላ ዲግሪ ሳይዝ ሕግ ይገባል። የዕድሜው ልዩነት ክፍል ውስጥ ይታያል፤ ውል ተዋውሎ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ግብር ከፍሎ የማያውቅ ተማሪ የውል ሕግን በሐሳብ ብቻ ይዞ ይሄዳል። የተግባር ልምምዱ ሊሞላው የታሰበው ይህን ክፍተት ነው።

ከሁሉም የጠለቀው ለውጥ ግን የመጣው ከትምህርት ሚኒስቴር አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በፌዴራልም በክልልም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች እንዲያስገድድ ደነገገ። ውሳኔዎቹ በቅጽ እየተሰበሰቡ መታተም ጀመሩ። ጄምስ ፖልና ባልደረቦቹ በ1956 ዓ.ም. ያጡት ነገር ከ41 ዓመት በኋላ በሕግ ግዴታ ሆኖ መጣ። አንቀጽ ብቻ የያዘ ጠበቃ ከዚያ ወዲህ ይሸነፋል፤ ባላጋራው የሰበርን ውሳኔ በመዝገብ ቁጥርና በቅጽ ጠቅሶ ይቆማልና። በየካ ምድብ ችሎት ስለ ቤት ኪራይ ወይም ስለ ሠራተኛ ስንብት የሚከራከር ሰውም ዛሬ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው።

በመምህራን ዘንድ ስለ ውሳኔዎቹ የሚነሣ ቅሬታ አለ። አንዳንዶቹ ምክንያታቸው አጭር ነው፤ አንዳንዶቹ ከቀደመው ጋር ይጋጫሉ። ይህም ሆኖ ለትምህርቱ የሚሰጡት ነገር ብዙ ነው። የሰበር ፍርድ የተጻፈው በአማርኛ ነው። ተማሪው መዝገቡን ሲያነብ ከሳሽ ምን ጠየቀ፣ ተከሳሽ ምን ብሎ መለሰ፣ የሥር ፍርድ ቤት ጭብጡን እንዴት ያዘ፣ ሰበር የት ላይ ተሳሳተ አለ የሚለውን በችሎቱ ቃል ይከተላል፤ ይርጋን ይርጋ፣ አላባን አላባ ብሎ ይማራል። መምህሩም ከእንግሊዝኛው የማስተማሪያ ጽሑፍ ዞር ብሎ አንዱን ተማሪ ያስነሣና ነገሩ ምን ነበር ብሎ ይጀምራል።